ጆሮ የማይሰማው የባሕር ድምፅ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ስለ ባሕር ድምፅ ነው። ነገር ግን የባሕር ድምፅ ስል በዳርቻው የቆመ ሰው ሁሉ የሚሰማውን የማዕበል ጩኸት ማለቴ አይደለም። ያን ድምፅ ጆሮ ይሰማዋል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ሲሉም ይጠፋል። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሌላው ድምፅ ነው፤ ይኸውም ከውቅያኖስ መካከል ተነሥቶ በአየርና በምድር ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ፣ ሆኖም ማናችንም ብንሆን በጆሯችን ሰምተነው የማናውቅ ድምፅ ነው።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሳይሰማ ይቀራልና። ነገር ግን ለዛሬው ጉዳያችንም የሚስማማ ይመስለኛል፤ በዙሪያችን የሚነገረውን ሁሉ ጆሯችን አያደርስልንም።

«ከደጋ ላይ ለምንኖር ለእኛ የባሕር ነገር ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ይህን በምታነቡበት ሰዓት የውቅያኖስ ሞገድ ያስነሣው ንዝረት ከተቀመጣችሁበት ቤት ወለል ሥር እያለፈ ነው። ከባሕር የራቀ አገር አለ፤ ባሕር የማይደርስበት አገር ግን የለም። ይህ እንዴት እንደ ሆነና ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም በተቻለኝ መጠን አስረዳለሁ። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ድምፅ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከበሮ በተመታ ጊዜ ቆዳው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፤ አጠገቡ ያለውንም አየር ይገፋዋል፣ ይስበዋልም፤ ያም አየር ጎረቤቱን እየገፋ እስከ ጆሯችን ይደርሳል። መርገብገቡ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሆነ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከሆነ ወፍራም ነው። የመሲንቆ ድምፅ ቀጥኖ የበገና ድምፅ የሚወፍረው ስለዚህ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በአንድ ሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ብቻ ነው። ከ20 በታች የሆነውን ሊቃውንት ኢንፍራሳውንድ ብለው ሰይመውታል፤ ከመስማት በታች ያለ ድምፅ እንደ ማለት ነው።

የባሕሩ ድምፅ ከዚህ ወሰን በጥቂቱ ዝቅ ያለ አይደለም። አንድ ጊዜ ለመርገብገብ 5 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው አንድ ጊዜ አየር ስቦ እስኪያስወጣ ድረስ ማለት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የዚህ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,700 ሜትር ይረዝማል። ኃይሉም እጅግ አነስተኛ ነው፤ የአየሩን ግፊት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከጠቅላላው ግፊት ጥቂት ሚሊዮንኛ ቢያህል ነው። ስለዚህ ይህን ድምፅ የበሽታ ወይም የፍርሃት ምክንያት ነው እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ቢያጋጥሟችሁ አትመኑ። ጎጆው በር ላይ ቆሞ አንድ ደረጃ የወጣ ሰው የሚያጋጥመው የአየር ግፊት ለውጥ ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ ይህ ድምፅ እንዴት ይወለዳል? ነገሩ ለረጅም ዘመን ሊቃውንትን አስቸግሯል። በፊሬንዜ ከተማ ይኖር የነበረው ኢጣሊያዊ መነኵሴ ቲሞቴዮ በርቴሊ ከ1870 ገደማ ጀምሮ በክር የተንጠለጠለ ክብደትን በማጉያ መነጽር እያየ ይከታተል ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይኖር ክብደቱ ለቀናት ያህል በጥቂቱ ሲወዛወዝ ተመለከተ፤ ውዝዋዜውም በክረምትና አየር በተበላሸ ጊዜ ይበረታ ነበር። ከዚያ በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግበው ሲስሞግራፍ የተባለው መሣሪያ በየአገሩ በተተከለ ጊዜ፣ ይኸው የማያቋርጥ ንዝረት በያለበት ታየ፤ ስሙንም ማይክሮሳይዝም አሉት። በ1904 ጀርመናዊው ኤሚል ቪሸርት ንዝረቱን የሚያመጣው የባሕር ሞገድ ከዳርቻ ጋር መላተሙ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሐሳብ ሰጠ።

ሐሳቡ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። በውቅያኖስ ላይ ታላላቆቹ ሞገዶች ከፍ ብለው ዝቅ ለማለት ብዙውን ጊዜ 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባቸዋል፤ በመሣሪያው ላይ የሚታየው ዋነኛው ንዝረት ግን 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ልጁ ከአባቱ እጥፍ የሚፈጥነው ለምንድር ነው?

መልሱን ለመረዳት አንድ ሳፋ ውኃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጠርዝ በአንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ብትመቱ ይበቃል። ከቀኝና ከግራ የተነሡት ሞገዶች መካከል ላይ ሲገናኙ፣ ውኃው ወዲያና ወዲህ መሄዱን ትቶ በአንድ ስፍራ ቆሞ ከፍና ዝቅ ይላል። በዚያ ጊዜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ውኃው አንድ ጊዜ ጉብታ ይሠራል፤ ቀጥሎ ይስተካከላል፤ ቀጥሎ ጉብታው የነበረበት ጎድጎዶ የጎደጎደው ጉብታ ይሆናል፤ እንደ ገናም ይስተካከላል። ጉብታ በሠራ ቍጥር፣ ጉብታው በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ የውኃው ክብደት በጠቅላላው ጥቂት ወደ ላይ ተነሥቷል ማለት ነው፤ በተስተካከለ ቍጥር ደግሞ ወርዷል። ስለዚህ ሞገዱ አንድ ዙር እስኪፈጽም ክብደቱ ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜም ይወርዳል። የ10 ሴኮንድ ሞገድ የ5 ሴኮንድ ድምፅ የሚወልደው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ሞገድ ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። እርሱ በአንዱ ስፍራ አየሩን ወደ ላይ ሲገፋ በጎረቤቱ ስፍራ ወደ ታች ስለሚስበው፣ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። ሁለት ሞገዶች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ግን ሰፊው ባሕር እንደ አንጥረኛ ወናፍ በአንድነት ይተነፍሳል፤ ከላይ አየሩን፣ ከታችም የባሕሩን ወለል ይገፋል። ፈረንሳዊው ሚሽ በ1944 የዚህን ሂሳብ መሠረት አስቀመጠ፤ እንግሊዛዊው ማይክል ሎንጌ ሂጊንስ በ1950 አስፋፍቶ የምድሩን ንዝረት ምክንያት አስረዳ፤ በ1967 ደግሞ ኤሪክ ፖዝመንቲየር የአየሩን ድምፅ በዚሁ መንገድ ተረጐመ። ሞገዶችም ፊት ለፊት የሚጋጠሙት ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በተቃራኒ ወገን ሲነሡ፣ አንድ ዐውሎ ነፋስ ፈጥኖ ስፍራውን ሲለውጥና አዲሱ ሞገዱ አሮጌውን ሲያገኘው፣ ወይም ሞገዱ ከዳርቻ ነጥሮ ሲመለስ ነው።

ስለዚህ ከአንድ እናት ሁለት ልጆች ይወለዳሉ ማለት ይቻላል። አንደኛው በምድር ውስጥ ይሄዳል፤ ማይክሮሳይዝም ነው። ሁለተኛው በአየር ውስጥ ይሄዳል፤ ማይክሮባሮም ይባላል። የአየሩን ድምፅ በተመለከተ የሶቪየት ኅብረቱ ቫሲሊ ሹሌይኪን በ1935 «የባሕር ድምፅ» በሚል ስም ጽፎበታል፤ በ1939 ደግሞ ሁጎ ቤኒዮፍና ቤኖ ጉተንበርግ በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ከተማ፣ እጅግ ረቂቅ በሆነ የአየር ግፊት መለኪያ መዝግበውታል።

ድምፁ እንዴት ይህን ያህል ይርቃል ብላችሁ እንደምትጠይቁ አምናለሁ። አየር ቀጭን ድምፅን ቶሎ ያደክማል፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋል። በሩቅ መንደር ሠርግ ሲኖር የዘፈኑ ቃል ሳይሰማ የከበሮው ምት ብቻ እንደሚደርሰን ሁሉ ነው። በ1883 በኢንዶኔዢያ የክራካታው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፣ ፍንዳታው 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሮድሪገስ ደሴት በጆሮ ተሰማ፤ ጆሮ የማይሰማው ሞገዱ ግን ምድርን ደጋግሞ ዞሮ በየአገሩ ባሮሜትር ላይ ምልክቱን ጣለ። በ2022 በቶንጋ ደሴቶች የፈነዳውም እንደዚሁ ምድርን ዞሯል። ከዚህም በላይ፣ ወደ ላይ የወጣው ድምፅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ሲደርስ በዚያ ያለው የአየር ሙቀትና ነፋስ ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ እንደ ገና ይነጥራል፣ እንደ ገናም ይመለሳል።

ይህን ድምፅ የሚያዳምጡ ሰዎች የመጀመሪያ ጠላታቸው ተራ ነፋስ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ብዙ ቀዳዳ ካላቸው ረጃጅም ቧንቧዎች ጋር ያገናኙታል። ነፋስ በየቀዳዳው የተለያየ ነገር ስለሚያደርግ እርስ በርሱ ይፋረሳል፤ የባሕሩ ድምፅ ግን ሞገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም ስለ ሆነ ከሁሉም ቀዳዳዎች ዘንድ አንድ ሆኖ ይደርሳል። ደግሞም አንድ ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር እያራራቁ አራትና ከዚያ የበለጡ መሣሪያዎችን ይተክላሉ፤ ድምፁ ወደ የትኛው ቀድሞ እንደ ደረሰ አይተው ከየት እንደ መጣ ያውቃሉ።

ክቡራን አድማጮች፤ የንግግሬ ዋና ቁም ነገር እነሆ እዚህ ላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች ይህን የባሕር ንዝረት ለብዙ ዘመን ይጠሉት ነበር። ስሙንም «ጫጫታ» አሉት። ከሩቅ የመጣን የደከመ መንቀጥቀጥ ስለሚሸፍንባቸው፣ ጣቢያዎቻቸውን ከዳርቻ አርቀው በጽኑ ዐለት ላይ ያቆሙ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሊያመልጡት አልቻሉም። ከ1969 ጀምሮ አሜሪካውያን በጨረቃ ላይ መሣሪያዎች በተከሉ ጊዜ ብቻ እውነተኛውን ጸጥታ አገኙ፤ በዚያ ባሕርም አየርም የለምና።

ጫጫታው ትልቅ ኃላፊነት ባለበት ሥራ ላይም ደንቃራ ሆኗል። በ1996 የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራን ሁሉ የሚከለክል ውል ለፊርማ ቀረበ፤ ኢትዮጵያም ከፈረሙትና ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። ውሉ ገና በሕግ አልጸናም፤ ሆኖም ማንም በስውር ቦምብ እንዳይሞክር የሚጠብቁት ጣቢያዎች ሥራቸውን ጀምረዋል። ከእነዚህም መካከል የማይሰማውን ድምፅ ለማዳመጥ 60 ጣቢያዎች ታቅደዋል፤ በጎረቤቶቻችን በጅቡቲና በኬንያ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ አጠገብ በፉሪ ተራራ ያለው የመሬት ንዝረት ጣቢያም በዚሁ ጥበቃ ውስጥ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ጠባቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ፍንዳታን ነው፤ ባሕሩ ግን ሌሊትና ቀን በጆሯቸው ያጕረመርማል። ትንሽ ፍንዳታ በታላቅ የባሕር ጩኸት ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ፍንዳታውን ለመለየት አስቀድሞ ባሕሩን ጠንቅቆ ማወቅ ግዴታ ሆነ።

ጠንቅቀው ባወቁት ጊዜ ግን ጫጫታ ያሉት ነገር መልእክት ሆኖ ተገኘ። አራት ምሳሌ ብቻ ልስጥ።

አንደኛው የላይኛው አየር ነገር ነው። በሰሜኑና በደቡቡ የምድር ክፍል በ50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ነፋስ በክረምት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ በበጋ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የባሕሩም ድምፅ በነፋሱ ወገን ሲሆን ይበረታል፣ በተቃራኒው ሲሆን ይደክማል። ዊልያም ዶንና ዴቪድ ሪንድ በ1971 ይህን በመጠቀም፣ ድምፁን ከምድር ሆኖ በማዳመጥ ብቻ የላይኛውን ነፋስ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ወደዚያ ከፍታ መሣሪያ መላክ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የምድር ውስጥ ነገር ነው። የባሕር ንዝረት በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሲያልፍ ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀ በማስላት፣ በመካከል ያለው ዐለት ጽኑ ወይም ትኵስና ለስላሳ መሆኑን ለማወቅ ተችሏል። ከ2005 ወዲህ ይህ ዘዴ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግምና። በአገራችንም በስምጥ ሸለቆና በአፋር ምድር ሥር ቀልጦ ያለውን ዐለት ለመመርመር አገልግሏል። ልብ በሉ፤ ከሩቅ ውቅያኖስ የተነሣ ንዝረት በእኛ አገር የእሳተ ገሞራ ሥር ለሚመረምሩ ሰዎች እንደ መብራት ሆነላቸው።

ሦስተኛው የእንስሳት ነገር ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርመራ ርግብ እኛ የማንሰማውን ይህን ዐይነቱን ድምፅ መስማት እንደምትችል አረጋግጧል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኪተን ያሠለጥናቸው የነበሩት ርግቦች ጀርዚ ሂል ከተባለ አንድ ኮረብታ ሲለቀቁ መንገዳቸውን ይስቱ ነበር። በ2013 ጆናታን ሀግስትሩም የባሕሩ ድምፅ ከማደሪያቸው አጠገብ ካለው ምድር እየተነሣ መንገድ ይመራቸዋል፤ በዚያ ኮረብታ ግን በነፋሱና በሙቀቱ ጠባይ ምክንያት ሳይደርሳቸው ይቀራል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ነገሩ ገና የሚያከራክር ቢሆንም፣ በ2023 ደግሞ አልባትሮስ የተባሉት ታላላቅ የባሕር ወፎች ይህ ድምፅ ወደሚበረታበት አቅጣጫ እንደሚያዘነብሉ የሚያመለክት ጥናት ወጥቷል።

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የታሪክ ነገር ነው። የባሕርን ሞገድ ከሰማይ ሆነው የሚለኩት ሳተላይቶች የቅርብ ጊዜ ናቸው። ከእነርሱ በፊት ውቅያኖሱ ምን ያህል ይናወጥ እንደ ነበር ማን ይመስክር? ያ «ጫጫታ» ራሱ መሰከረ። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከ1954 ጀምሮ የተጠራቀመውን መዝገብ መርምሮ፣ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ብርቱ ማዕበል የሚታይባቸው የክረምት ቀኖች በኋለኞቹ ዓመታት መብዛታቸውን ገለጠ። በ2023 ደግሞ በልዩ ልዩ የዓለም ክፍል ያሉ 52 ጣቢያዎች መዝገብ ተመርምሮ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞገድ ኃይል በአብዛኛው ስፍራ ማደጉ ታወቀ፤ መካከለኛው መጠን በዓመት 0.27 በመቶ ያህል ነው። ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ምድር እየሞቀች ስትሄድ በዳርቻ ያሉ ከተሞችና ወደቦች ምን እንደሚጠብቃቸው የሚነግር ቍጥር ነው። እኛም የምንልከውና የምናስመጣው ዕቃ በመርከብ የሚሄድ ስለ ሆነ የወደብ ጉዳት ከእኛ የራቀ አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። እነዚህ ሁሉ ጥናቶች ሊሠሩ የቻሉት ቀድሞ የነበሩ ሠራተኞች፣ ለእነርሱ ጥቅም የሌለውን መዝገብ ሳይጥሉ ስላስቀመጡ ነው። በየቀኑ አንድ ወረቀት ከመሣሪያው ላይ እያነሡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፉ፣ ከሣጥን ውስጥ አኖሩ። እነርሱ የፈለጉት የመሬት መንቀጥቀጥን ነበር፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ጥቃቅን ውዝዋዜ ባሕር መሆኑን ቢያውቁም ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚናገር አላሰቡም። በአገራችንም በ1950ዎቹ መጨረሻ በካናዳዊው ካህን በፒየር ጉዌን ኃላፊነት የተቋቋመው የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ምድርን ሲያዳምጥ ኖሯል። በዓለም ያለ ሲስሞግራፍ ሁሉ የባሕርን ንዝረት ስለሚቀበል፣ የአዲስ አበባም መዝገብ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በተራራ ላይ የተጻፈ የውቅያኖስ ዜና መዋዕል ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የዝናብ መለኪያ መዝገብ፣ የወንዝ ውኃ ልክ፣ የሙቀት ቍጥር፣ የንዝረት ወረቀት በእጃችሁ ያለ ወገኖቼ፣ «ይህ አሮጌ ወረቀት ስፍራ አጣበበ» ብላችሁ ከማቃጠላችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። ዛሬ ምንም የማይነግረን መዝገብ ነገ ጠያቂ ሲያገኝ ይናገራል። ጠያቂው በመጣ ጊዜ መዝገቡ ከጠፋ ግን ያለፈውን ዘመን ተመልሶ የሚለካ መሣሪያ የለም። ወጣቶችም ብትሆኑ ለትምህርት በተሰለፋችሁበት መስክ መምህሮቻችሁ «ጫጫታ ነው፣ እለፉት» ያሏችሁን ነገር አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። በርቴሊ ያደረገው ይህን ብቻ ነበር፤ የሚወዛወዝ ክብደት አየ፣ ሌላ ሰው ንቆ የሚያልፈውን እርሱ ጻፈው።

የሰው ጆሮ በተፈጥሮው ወሰን አለው፤ ለዚህም ልናዝን አይገባንም፤ የባሕሩን ጕርምርምታ ሌሊትና ቀን ብንሰማው ኖሮ እንቅልፍ ባላገኘን ነበር። ነገር ግን ጆሮ ባቆመበት ልቡና መቆም የለበትም። ያልሰማነውን ሁሉ የለም ከማለት ይልቅ፣ እንዴት ይሰማ ይሆን ብሎ መጠየቅ የዕውቀት መጀመሪያ ነው።